የዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ መሆን ለምትፈልጉ፦ ከአራተኛው ልጅ ጀምሩ

ስፖርት ሳይንስ ተመርቃችሁ፣ ወይም ልትመረቁ ጥቂት ቀርቷችሁ፣ «አሠልጣኝ መሆን እፈልጋለሁ፣ ግን ከየት ልጀምር?» የምትሉ ብዙ ናችሁ። እዚህ ጎንደርም ሞልታችኋል። ይህን የምጽፈው የዩኒቨርሲቲ ቡድን ይዞ ለመሥራት ለሚያስብ ሰው ነው። የክለብ አሠልጣኝ የጎደለውን ሰው አስፈርሞ ያመጣል። የዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ግን የሚሠራው ምደባ ባመጣለት ልጅ ነው። ልጁ ነገ ፈተና አለበት፣ ካፌው ያቀረበለትን ይበላል፣ ገና ሲበስል ደግሞ ተመርቆ ይሄዳል። እናንተም ቡድኑን በየዓመቱ ከሥር ትጀምራላችሁ።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው። አንደኛ የሚወጣውን ልጅ እግዜር ይሰጣችኋል። ስማችሁን የሚያስጠራው ግን አራተኛውና አምስተኛው ልጅ ነው፤ እሱን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ።

ይህን በደንብ የሚያሳየው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የአሜሪካ ኮሌጆች ጎልፍ ነው። ጎንደር ውስጥ የጎልፍ ሜዳ የለም። ቢሆንም የአሠልጣኞቹን ሥራ ማየት ይጠቅማል። ዴቭ ዊሊያምስ የሚባል ሰው ሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ያስተምር ነበር። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጀመሪያ የጎልፍ ቡድኑን ያዘና እስከ 1987 አልለቀቀውም። ከ1956 እስከ 1985 ባለው ጊዜ ቡድኑ 16 ጊዜ የአገሪቱ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ። ማይክ ሆልደር ደግሞ ተማሪ ሆኖ በተጫወተበት በኦክላሆማ ስቴት ከ1973 እስከ 2005 አሠልጥኖ 8 ዋንጫ አነሳ። ሁለቱም አንድ ቦታ ቆዩ። ሁለቱም በየዓመቱ ልጆች እየተመረቁባቸው ነው ያሸነፉት።

በዚያ ውድድር አንድ ቡድን በየቀኑ 5 ልጆች ያሰልፋል፤ የተሻሉት 4 ውጤቶች ይደመራሉ። አንድ ኮከብ ብቻ ያለው ቡድን የትም አይደርስም። የእኛ አገር አቋራጭም ያው ነው። በዓለም ሻምፒዮና የአዋቂዎች ውድድር 6 ሰው ይሮጥና የ4ቱ ደረጃ ይደመራል፤ ትንሽ ድምር ያለው ያሸንፋል። አስሉት። የእናንተ ልጆች 1ኛ፣ 2ኛ፣ 40ኛና 45ኛ ወጡ፤ ድምሩ 88። የሌላው ልጆች 8ኛ፣ 10ኛ፣ 12ኛና 14ኛ ወጡ፤ ድምሩ 44። ፎቶው ላይ የሚወጣው የእናንተ ልጅ ነው፣ ዋንጫውን የሚወስዱት ግን እነሱ ናቸው።

ከየት ይጀመራል?

ከረዳትነት። ማንም ተነስቶ ቡድን አይሰጣችሁም፣ ባይሰጣችሁም ይሻላል። አንድ ትምህርት ቤት ወይም የታዳጊ ፕሮጀክት ፈልጉና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተገኙ። ሰዓት ያዙ፣ ኮን ደርድሩ፣ የወደቀውን ልጅ አንሱ። የበቆጂው ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ስፖርት መምህር ነበር። ደራርቱ ቱሉም፣ ቀነኒሳ በቀለም፣ ጥሩነሽ ዲባባም በእሱ እጅ አልፈዋል። ትልቅ ስታዲየም አልነበረውም። የነበረው የትምህርት ቤት ልጆችን በየቀኑ ማየት ነው፤ ያንን ዕድል ደግሞ ዳባት፣ አይከል ወይም ቆላድባ ላይ ያለ ማንኛውም መምህር አለው።

ኮርሱንም አትናቁት። አትሌቲክስ ከሆነ ፌዴሬሽኑ የደረጃ ኮርስ ሲያወጣ ተመዝገቡ። እግር ኳስ ከሆነ የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ላይሰንስ ያስፈልጋል፣ በዲ ደረጃ ተጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ሊጉን ካነሳ ወዲህ ከተማው ውስጥ እግር ኳስ አሠለጥናለሁ የሚል ሰው በዝቷል። ያለ ወረቀት ግን በሩ አይከፈትም። ወረቀቱ ብቻውን አሠልጣኝ አያደርግም፤ ዕድሉ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ደብተር ያዙ

ስልክ ላይ መጻፍ ትችላላችሁ፣ እኔ ደብተር እመርጣለሁ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ። ሰዓቱን ብቻ አትጻፉ። ሌሊት ስንት ሰዓት ተኛ? ምን በላ? ሜዳው ደረቅ ነበር ወይስ ጭቃ? ፈተና ነበረበት? ከወራት በኋላ ልጁ ሲደክም፣ ሰነፍ ነው ከማለታችሁ በፊት ገጹን ትከፍቱታላችሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ይገኛል።

በወር አንዴ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ላይ 5 ኪሎ ሜትር አስሩጡና በአንደኛውና በአራተኛው መካከል ያለውን ልዩነት ጻፉ። የአሠልጣኝነታችሁ ውጤት እዚህ ቁጥር ላይ ነው። ልዩነቱ ከወር ወር እየጠበበ ከሄደ፣ የአንደኛው ልጅ ፍጥነትም ካልቀነሰ፣ እየሠራችሁ ነው። ልዩነቱ ከሰፋ ለኮከቡ ብቻ እየሠራችሁ ነው ማለት ነው።

መረጣ ላይ አትቸኩሉ። በአንድ ቀን ውድድር ቡድን የሚመርጥ አሠልጣኝ ያሳዝነኛል። ከመተማ ወይም ከጋምቤላ ቆላ የመጣ አዲስ ተማሪ እዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሲሮጥ ይታፈናል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ለእንዲህ ያለ ልጅ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀላል ሩጫ ስጡትና እንደገና እዩት። የተባረረ ስንት ልጅ በኅዳር ቢታይ ኖሮ ቡድን ውስጥ ይገባ ነበር!

አራተኛውን ልጅ እንዴት ትሠሩታላችሁ?

ለብቻው አታስሩጡት፣ ከኮከቡም ጋር አታጋድሉት። ጠንካራ ሥራ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፣ ሌላው ቀን ቀላል ነው፤ ቀላል ስል እያወሩ የሚሮጡት ማለቴ ነው። በጠንካራው ቀን ለምሳሌ 6 ጊዜ 1,000 ሜትር ካላችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራተኛው ልጅ በሚችለው ፍጥነት ሁሉም አብረው ይሩጡ። ከዚያ በኋላ ኮከቡ ይለቀቅ፣ ሌሎቹ አብረው ይቀጥሉ። አንደኛው ልጅ መታገስ ይማራል፣ አራተኛው ደግሞ ተቆርጦ መቅረት እንደሌለበት በእግሩ ያውቀዋል።

ቦታ እንደ ሥራው ይመረጣል። ከተማው ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ አስፋልቱ ቅልጥም ይጎዳል፣ ስለዚህ ቀላሉን ሩጫ ኮረኮንች ላይ አድርጉት። ፈጣን ሥራ ከሆነ አዘዞ ዝቅ ስለሚል ልጆቹ ትንሽ ቀለል ብሏቸው ይተነፍሳሉ። ለረጅም ሩጫ መኪና ካገኛችሁ ወደ ኮሶዬ ውጡ፤ ከፍታው ይጨምራል፣ ነፋሱም ልብ ያጠራል። በክረምት ጭቃው ስለማያስሮጥ ዳገት ሥራና የሰውነት ማጠንከሪያ ላይ አተኩሩ። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ከተማው በሰው ስለሚሞላ የዕረፍት ሳምንቱን እዚያ ላይ ጣሉት፣ ልጆቹም ያመሰግኗችኋል።

ሴቶቹን ጨለማ ላይ ብቻቸውን አታስወጧቸው። ይህ ለድርድር አይቀርብም። ጠዋት 12 ሰዓት ቡድን ሆነው ይውጡ፣ ካልሆነ ልምምዱ ወደ ከሰዓት ይዙር።

ጾምና ምግብ

እዚህ ላይ ነው ብዙ አሠልጣኝ የሚሳሳተው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ብዙዎቹ ልጆች እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም። ጾሙን አትንኩባቸው፣ ፕሮግራማችሁን አንቀሳቅሱ። ጠንካራው ሥራ ማታ 11 ሰዓት ይሁን፣ ከበሉ ሁለት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ። ቅዳሜና እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስለሚበላ ረጅሙን ሩጫ ወደ ከሰዓት ማዞር ይቻላል። ባዶ ሆዱን ያለ ውሃ በቀትር የሚሮጥ ልጅ ጀግና አይባልም፣ እየተጎዳ ነው። ረመዳን የሚጾሙ ልጆች ካሏችሁም ጠንካራውን ሥራ ከማፍጠሪያ በኋላ አድርጉላቸው፤ ካልተመቸ ቀላሉን ብቻ ከማፍጠሪያው ትንሽ ቀደም ብለው ይሥሩ።

ስለ አይረን፣ ደም ለመሥራት ስለሚያስፈልገው የብረት ማዕድን፣ ላጥብቅ። ሯጭ ሲደክም፣ በተለይ ሴት ሯጭ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ደም ማነስን ነው። በወር አበባ ደም ይወጣል፣ ከፍታ ላይ ደግሞ ሰውነት ብዙ ደም መሥራት ይፈልጋል፣ በጾም ወቅት ሥጋ የለም። ምስር፣ ባቄላና ሽሮ አይረን አላቸው። ግን ከማዕድ ሳይነሱ ቡና ወይም ሻይ ከተጠጣበት ሰውነት ብዙውን ሳይወስደው ያልፋል። ቡናውን አትከልክሉ፤ ማን ይሰማችኋል? ከምግቡ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ በሉ። ሎሚ ወይም ቲማቲም አብሮ ቢበላ ደግሞ አይረኑ በደንብ ይገባል። ድካሙ ከሳምንታት በላይ ከቆየ ልምምድ ከመጨመራችሁ በፊት ልጅቷን ክሊኒክ ልካችሁ ደሟን አስመርምሩ።

ፈተናስ?

የሴሚስተሩን የፈተና ፕሮግራም መጀመሪያ አምጡና ልምምዱን በእሱ ዙሪያ ሥሩ። በፈተና ሳምንት ሩጫውን በግማሽ ቀንሱ። ልጁ ውጤቱ ወርዶ ከተባረረ ቡድኑም ይጎድላል፣ እናቱም ታለቅሳለች። ተማሪ መጀመሪያ ተማሪ ነው፤ ቤተሰቡ የላከው ዲግሪ ይዞ እንዲመለስ ነው። መምህራኑን እየዞራችሁ ሰላም በሉ፤ ልጁ ለውድድር ሲሄድ የቀረበትን ፈተና የሚሰጡት እነሱ ናቸው።

አንድ ቀን ክለብ መጥቶ ኮከባችሁን ይወስዳል። ይሂድ፣ መርቃችሁ ላኩት። በቅሬታ የያዘ አሠልጣኝ ጋ ክለቡ ሁለተኛ አይመጣም። አምስተኛው ልጅ ግን ተመርቆ ደባርቅ ወይም ጭልጋ መምህር ይሆናል። እሱ ነው ከዓመታት በኋላ ደውሎ «ኮች፣ አንድ ልጅ አለችኝ፣ ምርጫዋ ላይ ጎንደርን እንድታስቀድም ነግሬያታለሁ» የሚላችሁ። በደንብ የያዛችሁት አምስተኛ ልጅ መልማያችሁ ይሆናል፣ ያለ ደመወዝ። በደንብ ካልያዛችሁት ያቺን ልጅ ሌላ ቦታ ይልካታል።

የራሳችሁን ቡድን መጠየቅ

ሁለት ሦስት ዓመት ረዳት ሆናችሁ፣ ደብተሩም ሞልቶ፣ ልዩነቱም ሲጠብ ከታየ ጠይቁ። በቃል አይደለም፣ በደብዳቤ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚገባ ጥያቄያችሁ ከዚያ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ጠረጴዛ ላይ ይገኝ። ሰኔ ላይ የሚሮጥ ሰው «በጀት ተዘግቷል» ይባላል። ዋንጫ አመጣለሁ ብላችሁ አትጻፉ። የልጆቹን ስም ዝርዝር፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ሰዓታቸውን፣ ስንቶቹ በትምህርታቸው እንደቀጠሉ አያይዙ። ከዚያ የሚያስፈልገውን በዝርዝር፦ ጫማ፣ ስፓይክ፣ ሁለት ስቶፕ ዎች፣ የመድኃኒት ሳጥን፣ ትራንስፖርት፣ አበል። አዲስ አበባ በመኪና ወደ 730 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ጃን ሜዳ የሚሮጥ ቡድን ሌሊቱን ተጉዞ በማግስቱ መሰለፍ የለበትም፤ የሁለት ቀን ማደሪያ ቀድማችሁ አስገቡ። ይቆረጥ ከተባለ የራሳችሁን አበል ቁረጡ፣ የአራተኛውን ልጅ ጫማ ግን አታስነኩ።