ሃቡን ከመጣላችሁ በፊት፦ ባለ አንድ ቀዳዳ ላፕቶፕ ሲያስቸግር

ሃብ በላፕቶፑ አንድ የታይፕ ሲ ቀዳዳ (ሞላላዋ ትንሽ የዩኤስቢ ቀዳዳ) ተሰክቶ ብዙ ቀዳዳ የሚሰጥ ዕቃ ነው። "ሃቡ ተበላሽቷል" ተብሎ እጄ ከገባው ዕቃ አብዛኛው ደህና ነው። ጥፋቱን ከኋላው የተሰካው ቻርጀር ወይም መሃል ያለው ኬብል ላይ አገኘዋለሁ። ሰው ግን ደህናውን ሃብ ጥሎ ሌላ ይገዛል፤ እሱም ያው ይሆንበታል። ነቅሎ መሰካቱን፣ አጥፍቶ ማብራቱን፣ ሌላ ሶኬት መሞከሩን ጨርሳችኋል ብዬ ልጀምር።

ስክሪኑ ድርግም ይላል፣ ሃርድ ዲስኩ ይጠፋል፣ ቻርጅ ላይ ሆኖ ባትሪው ይወርዳል

ሦስቱም አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ችግር ምልክት ናቸው፦ ኃይል አልበቃም። ደጋግሜ የማየው ይህንን ስለሆነ ረጋ ብዬ ላስረዳ።

ቀዳዳው አንድ ነው። ቻርጁም፣ ምስሉም፣ ፋይሉም በእሱ ያልፋል። ሃቡ ራሱም ይበላል። ብዙዎቹ ለራሳቸውና ለሚሰካባቸው ዕቃ እስከ 15 ዋት ያስቀራሉ። ሃቡ ላይ "100 ዋት" ተብሎ የተጻፈው ከቻርጀሩ ቢበዛ ስንት መቀበል እንደሚችል ነው፤ ለላፕቶፑ የሚደርሰው አይደለም። 65 ዋት ቻርጀር ብትሰኩ ላፕቶፑ የሚያገኘው 50 አካባቢ ነው።

ቀጥሎ ኬብሉ አለ። ተራ የታይፕ ሲ ኬብል 3 አምፒር ያሳልፋል፤ በ20 ቮልት ሲሰላ 60 ዋት ማለት ነው። 5 አምፒር የሚያሳልፈው ኬብል ጫፉ ውስጥ ማንነቱን የሚናገር ትንሽ ቺፕ አለው። ቻርጀሩ ያንን ቺፕ ካላገኘ ከ3 አምፒር በላይ አይሰጥም። ስለዚህ 100 ዋት ቻርጀር ገዝታችሁ ከስልክ ጋር በመጣ ቀጭን ኬብል ብትሰኩት ያላችሁ 60 ነው። ሃቡ ድርሻውን ሲያነሳ 45 ይቀራል።

አንድ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወዳጄ በዚህ ምክንያት ሦስት ሃብ ገዝቷል። "ጠዋት ይሠራል፣ ከሰዓት በኋላ ይሞታል" ይለኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ስደርስ የሰካው 30 ዋት የስልክ ቻርጀር ነው። ሃቡ ወስዶ የተረፈው 15 ዋት ላፕቶፑን የትም አያደርሰውም። ቀኑን ሙሉ የጎደለውን ኃይል ባትሪው እያሟላለት ነበር የሚሠራው። ባትሪው ሲያልቅ ላፕቶፑ ይጠፋል፤ እሱም ሃቡን ይወቅሳል። ቻርጀሩንና ኬብሉን ቀየርን። መጀመሪያ የገዛውን፣ መሳቢያ ውስጥ የጣለውን ሃብ አውጥተን ሰካነው። እስከ ዛሬ እሱ ነው የሚሠራለት።

ቻርጀር ሳትሰኩ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ዕቃ የሚካፈለው ላፕቶፑ በዚያች ቀዳዳ የሚሰጠውን ነው፤ ብዙ ጊዜ 7.5 ወይም 15 ዋት። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሲነሳ ብቻውን 5 ዋት አካባቢ ሊስብ ይችላል። ሞኒተርና የኔትወርክ ኬብል ሲጨመርበት አይበቃም።

መፍትሄው ይኸው። ቻርጀሩ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ፤ ቮልቱን በአምፒሩ አባዙት። 20 ቮልት በ3.25 አምፒር 65 ዋት ነው። ማክ ከሆነ የሲስተም መረጃው ውስጥ "ፓወር" የሚለው ክፍል የደረሰውን ዋት በቁጥር ያሳያል። መጀመሪያ ቻርጀሩን በቀጥታ፣ ከዚያ በሃቡ በኩል ሰክታችሁ አወዳድሩ። ከላፕቶፑ ጋር ከመጣው ቻርጀር ቢያንስ 15 ዋት የሚበልጥ፣ ከ5 አምፒር ኬብል ጋር ያዙ። ዋቱ ስለበዛ ላፕቶፑ አይቃጠልም፤ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው የሚጠይቀው።

አሁን ደግሞ ሰው የማይሰማኝ ነገር። ፋይል እየተገለበጠ ቻርጀሩን ከሃቡ አትንቀሉ። እንዲሁም አትሰኩ። ቻርጀር ሲገባ ወይም ሲወጣ ሃቡና ላፕቶፑ ስለ ኃይሉ እንደገና ይነጋገራሉ። በዚያች ቅጽበት ብዙ ሃቦች የተሰካባቸውን ሁሉ ይለቃሉ። ሞኒተሩ ተመልሶ ይመጣል፤ እየተጻፈ የነበረው ፋይል ግን ላይመለስ ይችላል። አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ወደ ሃርድ ዲስክ እየገለበጠች ቻርጀሩን ወደ ሌላ ሶኬት ልታዛውር ነቀለችው። ዲስኩ ከዚያ በኋላ "ፎርማት ይደረግ?" ማለት ጀመረ። ከፊሉን አወጣንላት፣ ከፊሉ ቀረ። እባካችሁ መጀመሪያ ዲስኩን "ኢጀክት" አድርጉት፣ ከዚያ ንቀሉ። ዲስክ ላይ ሁልጊዜ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ከግድግዳ የራሱ ኃይል ያለው ዶክ (ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትልቅ ሃብ) ግዙ። ያኔ ዲስኩ የሚመገበው ከዶኩ ነው።

ሞኒተሩ ጭራሽ አይመጣም

ታይፕ ሲ የቀዳዳው ቅርጽ ስም ነው። ቅርጹ አንድ ሆኖ ምስል የማያወጣ ላፕቶፕ ብዙ አለ። ከቀዳዳው አጠገብ የመብረቅ ወይም የዲስፕሌይፖርት ምልክት ካለ ምስል ያወጣል። ምልክት ከሌለ የሞዴሉን ዝርዝር አንብቡ፤ አንዳንዱ ምልክት ሳይኖረውም ያወጣል። ቀዳዳው ምስል የማያወጣ ከሆነ ግን የተራ ሃብ ኤችዲኤምአይ በምንም ዘዴ አይሠራም። ያለው አማራጭ ድራይቨር (ዕቃውን ከላፕቶፑ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) የሚጫንለት የዲስፕሌይሊንክ ዶክ ነው፤ ምስሉን በፋይሉ መስመር ይልካል። ለጽሑፍና ለሰንጠረዥ በቂ ነው፤ ለጌም አይሆንም።

ኬብሉ የሚነቀል ዶክ ከሆነ አብሮት በመጣው ኬብል ተጠቀሙ። ከላፕቶፕ ቻርጀር ጋር የሚመጣው ኬብል ብዙ ጊዜ ለቻርጅ የተሠራ ነው። ፋይል በሰከንድ በ480 ሜጋቢት ብቻ ያሳልፋል፣ ምስል አያሳልፍም። ሁለት ሦስት አዳፕተር ቀጣጥሎ ቪጂኤ (የድሮ ሞኒተርና ፕሮጀክተር ማገናኛ) ላይ መድረስም ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። ከታይፕ ሲ በቀጥታ ወደ ቪጂኤ የሚያወጣ አንድ አዳፕተር ፈልጉ።

ምስሉ አለ፣ ማውዙ ግን ይንቀረፈፋል

ርካሽ ሃብ "4ኬ" ብሎ ይጽፋል፤ 30 ኸርዝ መሆኑን፣ ማለትም ምስሉ በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ እንደሚታደስ ይደብቃል። ይህ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ገዢው የሚያውቀው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ስትገዙ "4ኬ 60 ኸርዝ" የሚል ፈልጉ። ከገዛችሁ በኋላ ከሆነ ጥራቱን ወደ 1080 ዝቅ ስታደርጉት 60 ይሰጣችኋል።

ዲስክ ሲሰካ ዋይፋይ ይደክማል

ዩኤስቢ 3 በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ረብሻ ይፈጥራል። ኢንቴል ይህንን በ2012 በጽሑፍ አውጥቶታል። ዋይፋዩን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ቀይሩ። የገመድ አልባ ማውዙን መቀበያ ደግሞ በማራዘሚያ ኬብል ከሃቡ አርቁት።

ማክ ላይ ሁለት ሞኒተር አንድ ዓይነት ምስል ያሳያል

ማክኦኤስ በተራ ሃብ አንዱን መስመር ለሁለት ሞኒተር አይከፍልም። ቀዳዳው ተንደርቦልት (የመብረቅ ምልክት ያለው ፈጣኑ ዓይነት) ከሆነና ማኩ ራሱ ሁለት የውጭ ሞኒተር የሚችል ከሆነ የተንደርቦልት ዶክ፣ ካልሆነ ዲስፕሌይሊንክ።

ነካ ሲደረግ ይቋረጣል

አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነው። ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ በእንጨት የጥርስ መፋቂያ ቀስ ብላችሁ አውጡት። መርፌ አታስገቡ። ማግኔት ጫፍ ያላቸውን ማገናኛዎችም አትጠቀሙ፤ ከታይፕ ሲ ደንብ ውጭ የተሠሩ ናቸው፣ ሲንሸራተቱ ሾርት ሊያደርጉ ይችላሉ። ከጸዳ በኋላም የተለያየ ኬብል ሁሉ ከላላበት ቀዳዳው ራሱ አልቋል፤ ለጠጋኝ ስጡት።