በዋሽንግተን ዲሲ ጎዳናዎች ላይ የፍሪሜሰን ምልክት ተደብቋል? ወሬውን እንዴት ማጣራት ይቻላል

«የአሜሪካ ዋና ከተማ የተሠራችው በሰይጣን ኮከብ ላይ ነው» የሚለውን ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ኮከቡን ደብቀው ያስቀመጡት ፍሪሜሰኖች፣ ማለትም የራሱ ሥርዓትና ምልክት ያለው የወንድማማች ማኅበር አባላት፣ ናቸው ይባላል። ቪዲዮዎቹ አካሄዳቸው ያው ነው። የሳተላይት ምስል ይመጣል፣ ቀይ መስመር ይሰመርበታል፣ ከኋላ የሚያስፈራ ሙዚቃ ይለቀቃል። ተመልካቹ የሚያየው ቀዩን መስመር ነው፤ ከሥሩ ያለውን መንገድ የሚያይ የለም። ይህን ለማጣራት የታሪክ ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ ጉግል ኧርዝ፣ የከተማዋ የመጀመሪያ ፕላን ቅጂ እና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ወሬውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

«ዋሽንግተን የፍሪሜሰኖች ከተማ ናት» የሚለውን ማጣራት አይቻልም። በአንዱ በኩል ሲይዙት በሌላው ያመልጣል። ይልቅስ እንዲህ ጻፉት፦ «የከተማዋ ነዳፊ በ1791 ዓ.ም. ከዋይት ሐውስ በስተሰሜን የተገለበጠ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ሆን ብሎ አስቀምጧል።» አሁን የሚያዝ ነገር ተገኘ፤ ሰው አለ፣ ዓመት አለ፣ ቅርጽ አለ፣ «ሆን ብሎ» የሚል ክስም አለ። እያንዳንዱን ለብቻው ትመረምራላችሁ።

2. የሰዎቹን ማንነት አጣሩ

ይህ ቶሎ ያልቃል። ጆርጅ ዋሽንግተን ፍሪሜሰን ነበር፤ ገና በወጣትነቱ በ1752 ፍሬድሪክስበርግ ቨርጂኒያ ውስጥ ገብቷል፣ ደብቆትም አያውቅም። በጊዜው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ቶማስ ጄፈርሰን ግን አባል ስለመሆኑ የሚታመን ማስረጃ የለም። ነዳፊው ፈረንሳዊው ፒየር ሻርል ላንፋን በ1789 ኒውዮርክ ውስጥ በማኅበሩ የመጀመሪያ ደረጃ መግባቱ ተመዝግቧል።

«ታዲያ አበቃ!» የሚል ይኖራል። አላበቃም። አባል መሆን አንድ ነገር ነው፣ ካርታ ላይ ምልክት መደበቅ ሌላ ነገር ነው። ደግሞም ላንፋን ከአለቆቹ ጋር መስማማት አቅቶት በ1792 መጀመሪያ ላይ ተሰናብቷል። ፕላኑን አስተካክሎ ለሕትመት ያበቃው ቀያሹ አንድሪው ኤሊኮት ነው። ኤሊኮት አንዳንድ ጎዳናዎችን ሰረዘ፣ የማሳቹሴትስ ጎዳናንም ቀጥ አደረገ። ይህን ጎዳና ልብ በሉት፣ ከኮከቡ አምስት መስመሮች አንዱ እሱ ነው።

3. ትክክለኛውን ካርታ አውጡ

የላንፋን የ1791 ፕላን በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ቅጂውን በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ በነፃ ማየትና ማውረድ ይቻላል። በ1791 ስለታሰበ ነገር የሚያወራ ሰው የዛሬ የሳተላይት ምስል ብቻ ካሳያችሁ፣ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ የተቆፈረውን፣ የተደለደለውንና የተገነባውን ሁሉ ለአንድ ሰው እየሰጠ ነው። ሁለቱን ካርታዎች ጎን ለጎን ክፈቱ።

4. ኮከቡን ስታሰምሩ አስፋልቱን ተከተሉ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ አትቸኩሉ። በጉግል ኧርዝ ላይ አምስቱን ጫፎች ምልክት አድርጉባቸው፦ ዱፖንት አደባባይ፣ ሎጋን አደባባይ፣ ዋሽንግተን አደባባይ፣ ማውንት ቨርነን አደባባይ፣ ከታች ደግሞ ዋይት ሐውስ። ከዚያ መስመሮቹን አንድ በአንድ በመንገዱ ላይ ሂዱባቸው።

ከዱፖንት ተነስቶ ወደ ማውንት ቨርነን የሚወርደው የማሳቹሴትስ ጎዳና ይሠራል። ከዋሽንግተን አደባባይ ወደ ማውንት ቨርነን የሚዘረጋው ኬ ስትሪትም ይሠራል። የኮኔክቲከትና የቨርሞንት ጎዳናዎች ወደ ዋይት ሐውስ ያመለክታሉ፣ ሆኖም ሳይደርሱ ላፋዬት አደባባይ ጥግ ላይ ያበቃሉ፤ እሱንስ እንለፈው።

አምስተኛው ግን አይታለፍም። የሮድ አይላንድ ጎዳና ከሎጋን ተነስቶ በስኮት አደባባይ በኩል ወደ ምዕራብ ይሄድና ኮኔክቲከት ጎዳና ላይ ሲደርስ ያልቃል። ከዚያ እስከ ዋሽንግተን አደባባይ ያሉት በርካታ ብሎኮች ሕንፃ ናቸው። ቪዲዮው ላይ ያለው ቀይ መስመር በጣሪያ ላይ ነው የሚያልፈው። ኮከቡ አይዘጋም ማለት ነው። ሚስጥራዊ ምልክቱን በአገር ዋና ከተማ ላይ የሚያትም ማኅበር አንዱን ክንድ በግማሽ የሚተወው ለምንድን ነው?

«ቢሆንም ቅርጹ ሲያዩት ኮከብ ይመስላል» ትሉ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ፣ ይመስላል። ምክንያቱን ለማየት ከዋይት ሐውስ በቀጥታ ወደ ሰሜን የሚወጣውን 16ኛ ጎዳና ተመልከቱ። ኮኔክቲከትና ቨርሞንት የዚህ ጎዳና ግራና ቀኝ ናቸው። ማሳቹሴትስና ሮድ አይላንድ ደግሞ የሚሻገሩት እዚሁ ጎዳና ላይ፣ ስኮት አደባባይ ነው። ሁሉም ነገር በፕሬዚዳንቱ ቤት ፊት ለፊት ባለ አንድ መስመር ግራና ቀኝ ተመጣጥኗል። የላንፋን አባት የቬርሳይ ቤተ መንግሥት ሠዓሊ ነበር፤ ልጁ ያደገው እንዲህ ያለ ረጅም ጎዳናና እይታ ባለበት አገር ነው። በ1791 ጄፈርሰን የፓሪስን፣ የካርልስሩሄን፣ የሚላንን፣ የአምስተርዳምንና የሌሎች ከተሞችን ፕላን ልኮለታል። በአራት ማዕዘን ብሎኮች ላይ ሰያፍ ጎዳናዎችን ጭናችሁ ግራና ቀኙን ካመጣጠናችሁ፣ ኮከብ ሳትፈልጉት ይመጣል።

5. ለእያንዳንዱ ነጥብ የተሠራበትን ዓመት ጻፉ

ሁለተኛው ታዋቂ ወሬ ስለ ኮምፓስ፣ ማለትም የፍሪሜሰኖች ምልክት ስለሆነው ባለ ሁለት እግር ክብ መሥሪያ ነው። አናቱ ካፒቶል (የኮንግረሱ ሕንፃ)፣ አንዱ እግሩ በፔንሲልቬንያ ጎዳና ወደ ዋይት ሐውስ፣ ሌላው እግሩ በሜሪላንድ ጎዳና ወደ ጄፈርሰን መታሰቢያ ይሄዳል ይላሉ። አንድ ወረቀት ላይ ሦስቱን ነጥቦች ከነዓመታቸው አስፍሩ። የዋይት ሐውስ መሠረት 1792፣ የካፒቶል መሠረት 1793፣ የጄፈርሰን መታሰቢያ ምረቃ 1943።

መታሰቢያው የቆመበት ቦታ በላንፋን ጊዜ የፖቶማክ ወንዝ ነበር፤ መሬቱ የተደለደለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። የሜሪላንድ ጎዳናም እስከዚያ አይደርስም። ላንፋን ይህን ኮምፓስ ስሎ ከሆነ፣ አንዱን እግር የተከለው ውሃ ውስጥ ነው።

በካፒቶል ግቢ መንገዶች ቅርጽ ውስጥ ተደብቃለች የምትባለው «ጉጉት»ም ለዚሁ መመዘኛ ትቅረብ። የግቢው ጠመዝማዛ መንገዶች ከ1874 ጀምሮ በፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ የተነደፉ ናቸው።

6. ምልክቱ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበር ጠይቁ

የፍሪሜሰን ዋና ምልክት ስኳድራና ኮምፓስ ነው። ኮከብም በጌጦቻቸው ላይ አይጠፋም። ነገር ግን «ጫፉ ወደ ታች የዞረ ኮከብ የክፉ መንፈስ ምልክት ነው» የሚለው ትርጉም የተስፋፋው በ1850ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ በተጻፈ የአስማት ትምህርት ነው። ከፍሪሜሰን ጋር የተያያዘውና የተገለበጠ ኮከብ የሚጠቀመው «የምሥራቅ ኮከብ» ማኅበርም የዚያው ዘመን ልጅ ነው። በ1791 የነበረ ሰው ገና ያልተፈጠረ ትርጉም ሊደብቅ አይችልም።

7. ቁጥሮቹን ራሳችሁ አባዙ

የዋሽንግተን ሐውልት ቁመቱ 6,660 ኢንች፣ የመሠረቱ ስፋት 666 ኢንች ነው ይባላል። ካልኩሌተር አውጡ። ሐውልቱ በ1884 ሲያልቅ የተመዘገበው ቁመት 555 ጫማ ከ5 ኢንች ግድም ነው፤ ይህ 6,665 ኢንች ይሆናል። የግርጌው ስፋት 55 ጫማ ከ1 ኢንች ተኩል ነው፤ 661 ኢንች ተኩል ማለት ነው። በ2015 ይፋ የሆነው አዲስ ልኬት ደግሞ፣ መነሻ ነጥቡ ስለተለየ፣ ወደ 554 ጫማ ከ7 ኢንች ዝቅ ብሏል። «ከመሬት በታች 111 ጫማ አለው» የሚሉትም አሉ፤ መሠረቱ 37 ጫማ እንኳ አይሞላም።

ቁጥሩ ከየት መጣ? መጀመሪያ የታሰበው 600 ጫማ ነበር። በ1854 ገንዘብ አልቆ ሥራው ቆመ፤ ዛሬም የእብነ በረዱ ቀለም የሚለወጥበትን ቦታ ማየት ይቻላል። ሥራው ሲቀጥል በጣሊያን የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ጆርጅ ማርሽ የጥንት ሐውልቶችን መጠን አጥንቶ፣ ቁመት የግርጌውን ስፋት አሥር እጥፍ መሆን እንዳለበት መከረ። ግርጌው 55 ጫማ ነበርና ቁመቱ 555 አካባቢ ሆነ። ቦታውም ቢሆን በፕላኑ ከታሰበው ነጥብ ከ100 ሜትር በላይ ተዛውሯል፣ አፈሩ ክብደት አይችልም ተብሎ።

8. በግልጽ ያለውን አትካዱ

ወሬውን አፈርሳለሁ ብላችሁ እውነቱንም አብራችሁ እንዳትጥሉ። የከተማዋ የመጀመሪያ የወሰን ድንጋይ ሚያዝያ 1791 በጆንስ ፖይንት የተተከለው በፍሪሜሰን ሥርዓት ነው። የካፒቶል የመሠረት ድንጋይ መስከረም 18 ቀን 1793 ሲጣል ዋሽንግተን የማኅበሩን ሽርጥ ታጥቆ ነበር፤ በድንጋዩ ላይ እህል፣ ወይንና ዘይት ቀረበ፣ ከዚያም 500 ፓውንድ የሚመዝን በሬ ተጠብሶ ተበላ። ይህ ሁሉ በጊዜው ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። እንዲህ በአደባባይ፣ በሰልፍና በግብዣ ያደረጉትን ነገር ካርታ ውስጥ መደበቅ ለምን እንደሚያስፈልጋቸው አሁንም አይገባኝም።

የማኅበሩን ምልክት በሕንፃ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው 16ኛ ጎዳና ቁጥር 1733 ይሂድ። በ1915 የተጠናቀቀው የስኮትላንዳዊ ሥርዓት (የፍሪሜሰን አንድ ቅርንጫፍ) ዋና ቤት እዚያ ነው፤ በሩ ላይ ሁለት ስፊንክሶች (የሰው ራስና የአንበሳ አካል ያላቸው ምስሎች) ተቀምጠዋል፣ ዙሪያውን እያንዳንዳቸው 33 ጫማ የሆኑ 33 ዓምዶች ቆመዋል። የነደፈው ጆን ራስል ፖፕ ነው፤ የጄፈርሰን መታሰቢያም የእሱ ሥራ ነው። ቁጥር መቁጠር የሚወድ እዚህ ይቁጠር፤ ጎብኚም ያስገባሉ።