ያረጀች ድመት በጠና ስትታመም ምርመራንና ሕክምናን እንዴት እንወስን?

ዕድሜዋ ከ10 ዓመት ያለፈ ድመት ውኃ አብዝታ ከጠጣች፣ ሽንቷ ከበዛና ከከሳች፣ የኩላሊት ድክመት፣ የስኳር በሽታ ወይም አንገት ውስጥ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት ሊሆን ስለሚችል፣ በቅድሚያ የደምና የሽንት ምርመራ እንዲደረግላት ይጠይቁ፤ የደም ግፊቷም ቢለካ መልካም ነው። ከዚያ በኋላ ለሚታዘዝ ለእያንዳንዱ ምርመራ ግን የእንስሳት ሐኪሙን «ውጤቱ የምንሰጣትን ሕክምና ይለውጠዋል?» ብለው ይጠይቁ። የማይለውጠው ከሆነ፣ በቅርጫት ተዘግቶባት እየጮኸች መመላለሷ የእኛን ጉጉት ከማርካት በቀር ለእርሷ የሚፈይደው ነገር የለም።

የታይሮይድ ሕመም በኪኒን ሊገታ ይችላል። ሥር የሰደደ የኩላሊት ድክመት ግን አይድንም፤ ሆኖም ፎስፈረስ የተባለው ማዕድን የተቀነሰበት ምግብ፣ የማቅለሽለሽ ማስታገሻና አንዳንድ ጊዜም ከቆዳ ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ የቀረውን ጊዜ ያቀሉላታል። ኪኒን ለማዋጥ በየዕለቱ ትግል የሚጠይቅ ከሆነ፣ ይህ ትግል ከገንዘቡ ወጪ ጋር አብሮ ይታሰብ። ለሰው የተሠራ ማስታገሻ ከቤት አንሥተው አይስጧት፤ ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል።

ድመት ሕመሟን ስለምትደብቅ ዝምታዋን እንደ ደኅንነት አይቁጠሩት። ጸጉሯን መላስ ትታ ጀርባዋ ላይ ተጠላልፎ ከተያያዘባት፣ የምትወደው ወንበር ላይ መዝለል አቅቷት ከሥሩ ከዋለች፣ ቀኑን ጠቅሰው በማስታወሻ ይመዝግቡ። ሙሉ ቀን ምንም ካልበላች ጉበቷ ስብ አከማችቶ ሊጎዳ ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ለሐኪሙ ይደውሉ። በማስታወሻው ላይ ክፉዎቹ ቀናት ከደጎቹ ከበለጡ፣ ያለ ሥቃይ በመርፌ እንድታርፍ ስለ ማድረግ ሐኪሙን ያማክሩ፤ ይህንንም ሌሊት ተጨንቀው ከሚወስኑት ቀን ላይ፣ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ቢነጋገሩበት ይሻላል።