የጊታር ፒክአፕ ከመቀየራችሁ በፊት ሽቦውን እዩት

የኤሌክትሪክ ጊታራችሁ ቮሊዩሙ ጥግ ድረስ ሲከፈት ጥሩ ይጮኻል፤ ትንሽ ስትቀንሱት ግን ይታፈናል። ይሄ ነገር ወሎ ውስጥ ሰርግ ለሚሠራ ጊታሪስት ከማንም በላይ ራስ ምታት ነው። ትዝታም ይሁን አምባሰል፣ የሥራችሁ ግማሹ ቦታ መልቀቅ ነው። ዘፋኟ ስትገባ ዝቅ ትላላችሁ፣ ስንኙን ጨርሳ ስትተነፍስ ብቅ ብላችሁ ትመልሱላታላችሁ፣ ያውም ኪቦርዱ ቀዳዳውን ሁሉ በሞላበት። ይህን የምታደርጉት በትንሿ ጣት ቮሊዩሙን እያዞራችሁ ነው። ዝቅ ባላችሁ ቁጥር ጥራቱ አብሮ ከሄደ ማንም አይሰማችሁም።

ብዙ ሰው ወዲያው «ፒክአፕ ልቀይር» ይላል፣ ከክሩ ሥር ሆኖ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ማግኔት ማለቱ ነው። ረጋ በሉ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጥሩ ፒክአፕ ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው፣ ተገኝቶ ቢገጠምም ይኼኛው ችግር አይለቃችሁም። ጥፋቱ ያለው ከፒክአፑ ወዲህ፣ ቮሊዩሙና ኬብሉ መሐል ነው።

ቮሊዩም የምንለው ፖት ሦስት እግር ያለው ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚገታ ዕቃ) ነው። ስትቀንሱት ድምፁ ወደ ጃኩ (ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ) የሚደርሰው በሬዚስተሩ ውስጥ አልፎ ነው። ከጃኩ በኋላ ደግሞ ኬብሉ አለ፤ ኬብል ሳታስቡት ካፓሲተር (ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ነው። የተለመደው የጊታር ኬብል በሜትር 100 ፒኮፋራድ (የካፓሲተር መለኪያ) አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ አለው፤ 6 ሜትር ከሰካችሁ 600 ገባ ማለት ነው። ሬዚስተርና ካፓሲተር ሲገናኙ ቀጭኑን ድምፅ ወደ ግራውንድ (የጋራ መመለሻው ሽቦ) ያፈሱታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ ምንም አያስወጣም፦ በአጭር ኬብል ተጫወቱና ልዩነቱን ስሙ።

አሁን ወደ ካውያው። የልብሱን ሳይሆን ሊድ አቅልጦ የሚበይደውን። 40 ዋት ይበቃል። የሞባይል ጠጋኞቹ ቀጭን ካውያ ለትንንሽ እግሮች ቆንጆ ነው፣ የፖቱን ጀርባ ግን ማሞቅ ያቅተዋል፣ ሊዱም ተጣብቆ የቆመ መስሎ በኋላ ይለቃል። 60/40 የሚባለውን ሊድ፣ ቴስተር፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ያዙ። የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቀምበትን አሲድ ያለበት ፓስታ እንዳታስጠጉት፣ እያደር ሽቦውን ይበላዋል። የፖቱ ጀርባ ላይ ከመበየዳችሁ በፊት በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ምንም ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ ውስጡን በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ከሁለት ከሦስት አቅጣጫ።

ዕቃው የሚገኘው የትም ነው። ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ገብታችሁ የሞቱ ቦርዶች የታጨቁበትን ካርቶን ብታገላብጡ የሚያስፈልጋችሁን ካፓሲተርና ሬዚስተር ታገኛላችሁ። የካፓሲተሩ ቮልት አያስጨንቃችሁ፣ የጊታር ሲግናል እዚህ ግባ የሚባል ቮልቴጅ የለውም፣ 50 ቮልት የሚል ካገኛችሁ ከበቂ በላይ ነው። አንድ ነገር ግን፦ የቴሌቪዥንና የፓወር ሰፕላይ ቦርድ ላይ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ከሶኬት ተነቅለውም ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። እነሱን ለጠጋኙ ተዉለት።

ከሁሉ በላይ የምወደው ሥራ ይሄ ነው። 102 ተብሎ የተጻፈበት ካፓሲተር ውሰዱ፣ 0.001 ማይክሮፋራድ ማለት ነው (የመጨረሻው አሃዝ የዜሮ ብዛት ነው፤ 10 ላይ ሁለት ዜሮ ሲጨመር 1000 ፒኮፋራድ)። 150 ኪሎ ኦም ሬዚስተርም ውሰዱ፤ ቀለሙ ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጫፍ ከጫፋቸው ጠምዝዙ፣ ጫፎቹን በሊድ ያዙ። አሁን ቮሊዩሙን እዩት። አንደኛው የዳር እግር ከፖቱ ቆርቆሮ ጋር ተበይዷል፣ እሱ ግራውንድ ነው፣ አትንኩት። ሌላኛው የዳር እግር ፒክአፕ ከሚመርጠው ስዊች ወይም ከፒክአፑ ሽቦ ይቀበላል። መሐለኛው ወደ ጃክ ይወጣል። የሠራችሁትን ጥንድ ተቀባዩና መሐለኛው እግር ላይ በይዱት። አለቀ። ቮሊዩሙ ሲቀንስ ቀጭኑ ድምፅ በጓሮ በር ሾልኮ ያልፋል። አንዳንዱ ካፓሲተሩን ብቻ ይገጥማል፤ እኔ አልመክርም፣ በጣም ዝቅ ስትሉ ድምፁ ሥጋው ሁሉ ያልቅና አጥንቱ ብቻ ይቀራል። ሬዚስተሩ ያለው ለዚህ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። አንድ የአምባሰል ሐረግ ያዙ፣ መጀመሪያ ቮሊዩሙን 10 ላይ፣ ቀጥሎ 5 ላይ አድርጋችሁ ያንኑ ድገሙ። ጩኸቱ ቀንሶ መልኩ ካልተቀየረ ተሳክቷል። 5 ላይ ከመጠን በላይ ከሳሳ ደግሞ በ102ቱ ፋንታ ከሱ ያነሰ ሞክሩ፣ 471 ወይም 181 የሚለውን። ክራር ላይ የብረት ክርና ቮሊዩም ያለው የማግኔት ፒክአፕ የገጠማችሁም ይኸው ይሠራላችኋል። በመለጠፍ የሚያያዘው ፒዬዞ የሚባለው ፒክአፕ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሌስ ፖል ዓይነት፣ ለየፒክአፑ ቮሊዩምና ቶን (ቀጭኑን ድምፅ የሚቀንሰው ማዞሪያ) ያለው ጊታር ከሆነ ምንም ሳትገዙ ሌላ መንገድ አለ። የቶኑ ካፓሲተር ብዙውን ጊዜ የተያዘው የቮሊዩሙ ተቀባይ እግር ላይ ነው። ከዚያ አንሱትና መሐለኛው እግር ላይ በይዱት። ይሄ የ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሠራር ይባላል። ቮሊዩም ስትቀንሱ ጥራቱ ይቆያል፣ ግን ቶኑና ቮሊዩሙ እርስ በርስ መነካካት ይጀምራሉ፤ አንዱን ስታዞሩ ሌላው ትንሽ ይለወጣል። ለምዶ መጫወት ነው። ይህን ከሠራችሁ የላይኛውን ጥንድ አትጨምሩበት።

ቶኑ ዜሮ ላይ ሲደርስ ጭቃ የሚሆንባችሁ ደግሞ ካፓሲተሩን አንብቡ። 473 ወይም 104 ከሆነ በ223 ለውጡት። ቶኑ 10 ላይ ሲሆን ልዩነት አትሰሙም ማለት ይቻላል፣ ወደ ታች ስትወርዱ ግን ድምፁ ይለሰልሳል እንጂ አይዘጋም። ለባቲ ቆንጆ ነው። «ዘይት ያለበት»፣ «የድሮ» እየተባለ በውድ የሚሸጠውን ካፓሲተር እርሱት። ቁጥሩ እኩል ከሆነ ጆሮ አይለየውም፣ ማንም ቢምል አላምንም።

ስትራት (ስትራቶካስተር) ዓይነት ጊታር ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ የሚያናድድ ነገር አለው፦ በተለመደው አሠራር ድልድዩ (ክሮቹ ከታች የሚያርፉበት) ጋ ያለው ፒክአፕ ቶን የለውም። በጣም የሚወጋውም እሱ ነው። ሁለተኛው ቶን የተያያዘበትን የስዊች እግር ከድልድዩ ፒክአፕ የቶን እግር ጋር በአጭር ሽቦ አገናኙ። ርካሽ ጊታሮች ላይ እግሮቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሳጥን መሳይ ስዊች ስላለ በግምት አትበይዱ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ በቴስተር ለዩ።

ፖቶቹንም ለኩ። ለሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ ፒክአፕ) 250 ኪሎ ኦም፣ ለሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል) 500 የተለመደ ነው። ሃምበከር ላይ 250 ካገኛችሁ ድምፁ ለምን እንደደበዘዘ ገባችሁ ማለት ነው። ስትለኩ የፒክአፑን ሽቦ ንቀሉ፣ አለዚያ ቴስተሩ ይዋሻል።

ጉምታው? የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ሲንግል ኮይል ደግሞ አዳራሽ ውስጥ ያለውን ጉምታ ሁሉ ይለቃቅማል። እጃችሁ ክሩን ሲነካ ጉምታው ከቀነሰ ሽቦው ጤነኛ ነው፣ የጎደለው ጉምታውን የሚከላከል የብረት ሽፋን ነው። ስትነኩት ከጨመረ ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተገለባብጠዋል። ለሽፋን የመዳብ ቴፕ ካገኛችሁ እሰየው፣ ሊድ ይቀበላል። ካጣችሁ የወጥ ቤቱ ፎይልም ይሠራል፤ ሊድ ስለማይዝ ግን የግራውንዱን ሽቦ በቡሎን አጥብቃችሁ ያዙት፣ ሙጫውም ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ የፎይሎቹን ጠርዝ አጥፋችሁ ብረት ከብረት አነካኩ። ጃኩ አጠገብ ፎይሉ ላይ ፕላስተር ለጥፉ። የጃኩ ምላስ ፎይሉን ከነካ ጊታሩ ጭጭ ይላል።

ከመግጠማችሁ በፊት ኬብል ሰክታችሁ ፒክአፑን በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉ፤ ቷ ቷ ካለ ክፈፉን ዝጉ።

ሁሉን ሠርታችሁ ሰርጉ ላይ አሁንም ከታፈነ ሚክሰሩን ጠርጥሩ። ብዙ ጊዜ ጊታሩ በቀጥታ «ላይን» የሚለው መግቢያ ላይ ይሰካል፣ ያ መግቢያ ደግሞ በአብዛኛው 10 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው፣ ጊታር የሚፈልገው 1 ሜጋ ኦም ነው። ዲአይ ቦክስ (ጊታርን ከሚክሰር ጋር የሚያስማማ ትንሽ ሳጥን) ተዋሱ ወይም አምፑን አስቀምጣችሁ ፊቱ ማይክ አቁሙ። አምፑንና ሚክሰሩን ግራውንድ ካለው አንድ ሶኬት ውሰዱ፣ በተለይ ጄኔሬተር ሲሆን። የጊታር ክር ከግራውንድ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ክር ይዛችሁ ከንፈራችሁ ማይኩን ሲነካ ከነዘራችሁ መጫወቱን አቁሙና መስመሩን አስተካክሉ።