በባሕር ዳርቻ የመዝናኛ ከተማ በወቅታዊና በቋሚ ፖሊስነት ለመቀጠር

በአሜሪካ የአትላንቲክ ጠረፍ ላይ ያሉ የመዝናኛ ከተሞች በዓመት ውስጥ ሁለት መልክ አላቸው። በሜሪላንድ የምትገኘው ኦሽን ሲቲ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቿ 7,000 እንኳ አልሞሉም፤ በጁላይና በኦገስት ቅዳሜና እሑድ ግን ከተማዋ ባለችበት ጠባብ ደሴት ላይ የሚገኘው ሰው ቁጥር ከ300,000 በላይ እንደሚደርስ ይገመታል። ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚጠብቅ ኃይል ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ እየከፈሉ ማቆየት ለትንሽ ከተማ ስለማይቻል፣ በሜይ መጨረሻ ከሚውለው የሜሞሪያል ዴይ በዓል እስከ ሴፕቴምበሩ ሌበር ዴይ (የሠራተኞች ቀን) ድረስ የሚያገለግሉ ወቅታዊ ፖሊሶች ይቀጠራሉ። ፖሊስነትን ለሚያስብ ወጣት ይህ በጋ ሙያውን ቀርቦ የሚያይበት ጊዜ ነው። የፖሊስ ክፍሉም እርሱን የሚያየው በዚሁ ጊዜ መሆኑን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዘንጋት የለበትም።

ከማመልከትዎ በፊት የሥራ መደቡ የሚሰጠውን ሥልጣን ለይተው ይወቁ፤ ስሙ ተመሳሳይ ቢሆንም ሥልጣኑ በየግዛቱ ይለያያልና። ኒው ጀርዚ በ1985 ባወጣችው ሕግ ልዩ ፖሊሶችን (ወቅታዊዎቹ የሚቀጠሩበትን መደብ) በደረጃ ትከፍላለች። አንደኛው ደረጃ የጦር መሣሪያ አይታጠቅም፤ ሥራውም በትራፊክ፣ በከተማ ደንብና በቀላል ጥፋቶች ላይ መጥሪያ ከመስጠት ብዙም አያልፍም። ሁለተኛው ደረጃ ረዘም ያለ ሥልጠና ወስዶ፣ በሥራ ሰዓቱ መሣሪያ ታጥቆ፣ ከቋሚው ፖሊስ ጋር የሚቀራረብ ሥልጣን ይኖረዋል። በኦሽን ሲቲ ደግሞ ከፖሊሶቹ ጎን መሣሪያ ሳይዙ የሚያግዙ የሕዝብ ደኅንነት ረዳቶች አሉ። ወቅታዊ መደቦች በአብዛኛው 18 ዓመት ለሞላው ክፍት ናቸው፤ ለቋሚ ፖሊስነት ግን በብዙ ቦታ 21 ዓመት ይጠየቃል። አብዛኞቹ የፖሊስ ክፍሎች ዜግነትም ስለሚጠይቁ፣ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው አመልካች ቅጹን ለመሙላት ከመድከሙ በፊት ማስታወቂያውን በጥንቃቄ ያንብብ።

ሥራው የበጋ ቢሆንም ማመልከቻው የመጸውና የቅዝቃዜው ወራት ጉዳይ ነው። ፈተናው፣ ማጣራቱና ሥልጠናው ተራ በተራ ወራትን ስለሚፈጁ፣ በሜይ የሚያመለክት ሰው ብዙውን ጊዜ ለሚቀጥለው ዓመት እንዳመለከተ ይቆጠራል።

ብዙ አመልካች የሚወድቀው በሩጫው ሳይሆን የቀደመ ሕይወቱ በሚጣራበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር። የሚሰጥዎት የግል ታሪክ ቅጽ የኖሩባቸውን አድራሻዎች፣ የሠሩባቸውን ድርጅቶች፣ የትራፊክ ቅጣቶችን፣ ዕዳዎችን፣ ከሕግ ጋር የተገናኙባቸውን አጋጣሚዎች በሙሉ ይጠይቃል፤ አጣሪውም የቀድሞ አለቃዎን፣ ጎረቤትዎን፣ አንዳንዴም አብሮዎት የኖረውን ሰው ያነጋግራል። በውጭ አገር ኖረው የመጡ ከሆነ የትምህርት ማስረጃዎን ማስተርጎምና ማስገምገም ጊዜ ስለሚወስድ አስቀድመው ይጀምሩ። በ17 ዓመት የተፈጸመ ስህተት በግልጽ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ይታለፋል፤ ተደብቆ ሲገኝ ግን ስህተቱ ቀርቶ ውሸቱ ራሱ ከሥራው ያስወጣል፤ ለሌላ ክፍል ሲያመለክቱም ይከተልዎታል። የቤት ውስጥ ጥቃት ጥፋተኝነት፣ ቀላል ወንጀል ተብሎ የተፈረደም ቢሆን፣ በ1996 በወጣው የፌዴራል ሕግ ምክንያት መሣሪያ ከመያዝ ይከለክላል። ማሪዋና ደግሞ በሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ለአዋቂዎች ቢፈቀድም፣ የግዛቱ ፈቃድ ለፖሊስ አመልካች ፈቃድ ማለት አይደለም፤ ቅጹ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተጠቀሙ ከጠየቀ እውነተኛውን ቀን ይጻፉ።

የአካል ብቃት ፈተናው ከክፍል ክፍል ቢለያይም፣ ፑሽ አፕ፣ ሲት አፕና የ1.5 ማይል ሩጫ የተለመዱ ናቸው። ልምምዱን ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ይጀምሩ። የሕክምና፣ የሥነ ልቦናና የዕፅ ምርመራም ይከተላል።

መኖሪያ ቤት ከሥራው እኩል ሊታሰብበት ይገባል። በበጋ ቤት የሚከራየው በእረፍተኛ ዋጋ ስለሆነ፣ ደመወዙን ከኪራዩ ጋር ሳያስተያዩ ሥራውን አይቀበሉ፤ የፖሊስ ክፍሉ መኖሪያ በማፈላለግ ያግዝ እንደሆነም ይጠይቁ። ከሁሉም በላይ አብረዎት የሚኖሩትን ይምረጡ። ሌሊት ሲሠሩ አድረው ቀን ለሚተኙ ሰዎች ድግስ የሚወድ ጎረምሳ አይስማማም፤ በጩኸት ምክንያት ፖሊስ የተጠራበት ቤት ውስጥ የሚኖር ወቅታዊ ፖሊስ ደግሞ ስሙን በአንድ ሌሊት ሊያጣ ይችላል።

ሥራው ራሱ በአብዛኛው የእግር ወይም የብስክሌት ቅኝት ነው፦ በእንጨት በተሠራው የእግረኞች መንገድ ላይ የጠፋ ሕፃን ከወላጁ ማገናኘት፣ የሰከሩ ወጣቶችን ጠብ ሳይነሣ መበተን፣ ሙዚቃ የሚያስጮኸውን ቤት ማስጠንቀቅ። ጠብ አንሥቶ አንድን ሰው ማሰር ቀላል ነው፤ በንግግር ወደ ማረፊያው እንዲሄድ ማድረግ ግን ችሎታ ይጠይቃል፤ በእኔ እምነት አለቆች ከሁሉ በላይ የሚመዝኑት ይህን ሊሆን ይገባል። ሥልጣንዎ የት እንደሚያበቃ እርግጠኛ ካልሆኑ ቋሚ ፖሊስ ይጥሩ። ከእያንዳንዱ ድርጊት በኋላም ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንዳደረገ የሚያሳይ ሪፖርት በዚያው ፈረቃ ይጻፉ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት የሚደርሰው ከወራት በኋላ ሊሆን ስለሚችል፣ ያን ጊዜ ማስታወሻዎ ያ ሪፖርት ነው።

ወደ ቋሚነት መሻገር የሚፈልግ ሰው የበጋው ሥልጠና የሙሉ ፖሊስ አካዳሚን እንደማይተካ ይወቅ። የኦሽን ሲቲ ቋሚ ምልምሎች ለምሳሌ በሶልዝበሪ አቅራቢያ በዎር ዊክ ኮሚኒቲ ኮሌጅ በሚገኘው አካዳሚ ወራት የሚፈጅ ሥልጠና ይወስዳሉ፤ ከዚያም ልምድ ካለው ፖሊስ ጋር የመስክ ሥልጠና፣ ቀጥሎም የሙከራ ጊዜ አለ። የከተማዋን ሌላ መልክም ይመርምሩ፦ ቋሚው ፖሊስ ጃንዋሪ ላይ ሆቴሎቹ ተዘግተው፣ ነፋሱ ከባሕር እየነፈሰ፣ በአንድ ፈረቃ ጥቂት ጥሪ ብቻ እየመጣ እዚያው ይኖራል። ቢቻል በቅዝቃዜው ወቅት ሄደው ከፖሊሶቹ ጋር አብረው ለመቃኘት ፈቃድ ይጠይቁ።

የቋሚነት ማመልከቻውን የፈረቃ መሪዎችዎ ሥራዎን ገና በሚያስታውሱበት በኦገስት ያስገቡ። ሴፕቴምበር ላይ የደንብ ልብሱንና ዕቃውን ከመመለስዎ በፊት የጽሑፍ ግምገማ ይጠይቁ፣ የሥልጠና ምስክር ወረቀቶችዎን ቅጂ ይያዙ፣ የምስክርነት መጥሪያ ሲላክ እንዲያገኝዎት ቋሚ አድራሻዎንና ስልክዎን ለመዝገብ ክፍሉ ያስመዝግቡ።