የአሮጌ መኪናን ሻንሲ በቀለሙ ሳይሆን በድምፁ ይመርምሩ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆነው አሮጌ ፒካፕ የሚነዱ ወይም ለመግዛት ያሰቡ ሁሉ፣ ክረምቱ እንዳለፈ ከቦዲው በፊት ሻንሲውን (ቦዲውና ሞተሩ የሚያርፉበትን የብረት አጽም) እንዲያስፈትሹ አጥብቄ እመክራለሁ። የክረምቱ ጭቃ በሻንሲው ቀዳዳዎች ገብቶ ውኃ ማፍሰሻዎቹን ስለሚደፍን፣ ብረቱ ዝናቡ ካቆመም በኋላ እርጥበት እንዳቀፈ ይቆያል፤ ስለዚህ ዝገቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ዓይን ከማያየው ከውስጥ በኩል ነው።

መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ ድጋፍ ላይ ከቆመ በኋላ፣ ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ ይምቱት። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተበላው ግን የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። በተለይ ከኋላ አክስል በላይ ያለውን ቅስትና የባሌስትራ (ከአክስሉ ጋር የታሰረው የተደራረበ የብረት ሞላ) ማሰሪያዎቹን ዙሪያ አይለፉ። ባለፈው ዓመት ኮምቦልቻ ውስጥ አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ፒካፕ ስንመረምር፣ ካቻቢቴው ባሌስትራው ከታሰረበት አጠገብ ያለ ምንም ጉልበት እስከ እጀታው ገባ፤ ስንነቅለው የዝገት ቅርፊትና ደረቅ ጭቃ ረገፈ።

እንዲህ ያለውን በስቱኮ መድፈን ወይም በዝገቱ ላይ ስስ ላሜራ መለጠፍ ጥገና አይደለም፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ቁልቁለት ጭነት ይዞ ፍሬን ሲያዝ ጫናውን የሚሸከመው ያው ሻንሲ ነውና። የተበላው ክፍል ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ተቆርጦ፣ ውፍረቱ ከሻንሲው ጋር በሚመሳሰል ብረት መተካት ይኖርበታል። ከብየዳው በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ የነዳጅ ታንከሩ ቅርብ ከሆነም ይውረድ። በመጨረሻ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባ፣ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ግን ክፍት ይቆዩ።