ፎቶው ያምራል፣ ግን የእኔ አይመስልም፦ ለሰርግ ፎቶ አንሺ ችግርና መፍትሄ

የስታይል ነገር ሲነሳ የሰርግ ፎቶ አንሺዎች ጨዋታ ቶሎ ብሎ ኤዲቲንግ ላይ ይወድቃል። የማን ፕሪሴት ነው? ከርቩን እንዴት ሠራኸው? (ፕሪሴት አስቀድሞ የተዘጋጀ የኤዲቲንግ ቅንብር ነው፤ ከርቭ ደግሞ ብርሃንና ጥላን የሚቆጣጠረው መስመር።) እኔ ግን ነገሩን ከስክሪኑ ወደ ኋላ መከተል ይሻላል ባይ ነኝ። ፎቶው ኮምፒውተር ውስጥ ሳይገባ ብዙ ነገር አልቋል፦ የት እንደቆማችሁ፣ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ የቱን ሌንስ እንደያዛችሁ፣ ካሜራው ብርሃኑን እንዴት እንደለካው። ስላይደሮቹ (የኤዲቲንግ ማንሸራተቻዎቹ) ተራ የሚደርሳቸው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት ችግሮች ዓይን ውስጥ የሚገቡት ኤዲት ስታደርጉ ቢሆንም፣ ብዙዎቹ የሚፈቱት ገና ስታነሱ ነው። የናንተን ችግር የሚመስለውን ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ።

«የገዛሁት ፕሪሴት ሰውዬው ፎቶ ላይ ያምራል፣ እኔ ላይ ያስጠላል»

ምክንያቱ፦ ፕሪሴት ፎቶውን አያየውም። የተቀመጡ ቁጥሮች ስብስብ ነው። ኮንትራስት ይህን ያህል፣ ጥላ ይህን ያህል፣ ብርቱካናማው ቀለም ይህን ያህል ይላል እንጂ ፎቶው ቀን ይነሳ ማታ አያውቅም። የሠራው ሰው ምናልባት የሚያነሳው ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ፀሐይዋን ከሙሽሮቹ ጀርባ አድርጎ፣ ኤክስፖዠሩንም (ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን) ከፍ አድርጎ ነው። ያንኑ ቁጥር የቀትር ፀሐይ ላይ ስትጭኑት ዓይን ሥር ያለው ጥላ ከሰል ይሆናል፣ ግንባር ያንጸባርቃል። ካሜራም ለውጥ ያመጣል። ካኖንና ሶኒ አንዱን ቀይ እኩል አያወጡትም፤ ከሥር ያለው የካሜራ ፕሮፋይል (ፕሮግራሙ የካሜራውን ቀለም የሚተረጉምበት ቅንብር) ሲለያይ የፕሪሴቱም ውጤት ይለያያል።

ቆዳ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ ሰው የሚወዳቸው ፈዘዝ ብለው ብሩህ የሆኑት ፕሪሴቶች ብርቱካናማውን ቀለም ያደበዝዙና ብርሃኑን ከፍ ያደርጉታል። ነጣ ያለ ቆዳ ላይ ልስላሴ ይሰጣል። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ፊቱ አመዳም ይሆናል። ሙሽሪት ለሰዓታት ተቀብታ ተኳኩላ፣ እናንተ ቅባት የማታውቅ አስመስላችሁ ስትሰጧት ደስ አይላትም።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ ኤክስፖዠርና ዋይት ባላንስ (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲወጣ የሚያደርገውን የቀለም ማስተካከያ) አስተካክሉ፤ ፕሪሴቱ ከዚያ በኋላ ይጫን። አሁንም ካስጠላ ፈታቱት። ላይትሩም (የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ) ውስጥ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ለጊዜው ማጥፋት ይቻላል። ከርቩን አጥፉና እዩ፣ መልሱት። የቀለም ሚክሰሩን (እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው የሚቀይረውን) አጥፉና እዩ፣ መልሱት። ከዚያ ካሊብሬሽኑን (የመሠረታዊ ቀለሞቹን ማስተካከያ)። ቆዳ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት የቀለም ሚክሰሩ ብርቱካናማና ቢጫ ስላይደሮች ናቸው። ምን እንደሚሠራ ማስረዳት የማትችሉትን ሁሉ ዜሮ አድርጉት። ተራግፎ የሚቀረው አንድ ከርቭና ሁለት ሦስት የቀለም ለውጥ ቢሆን አይግረማችሁ። እሱን በራሳችሁ ስም አስቀምጡት። ፕሪሴት መግዛት በራሱ ነውር የለውም፤ ችግሩ ሳይፈትሹ እንደ ወረደ መጫኑ ነው።

«የአንድ ቀን ሰርግ የአምስት ሰው ሥራ ይመስላል»

አንዱ ፎቶ ቢጫ፣ ቀጣዩ ሰማያዊ፣ ሦስተኛው ጨለማ። እያንዳንዱን ለብቻው ስታዩት ምንም አይልም። ጎን ለጎን ሲሆን ነው ጉዱ የሚወጣው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አውቶ ዋይት ባላንስ ነው። ካሜራው ክፈፉ ውስጥ ባለው ነገር ይመራል። ቬሎው ክፈፉን ሲሞላ አንድ ነገር ይወስናል፤ ሁለት እርምጃ ተጠግታችሁ ቀይ አበባውን ስታነሱ ሌላ ይወስናል። ብርሃኑ ግን ያው ነው። ሁለተኛው ተጠርጣሪ የሥራ አካሄድ ነው፦ ከፎቶ ቁጥር አንድ ጀምሮ እስከ መጨረሻው በተራ ኤዲት ማድረግ። ሦስተኛው የራሳችን ዓይን ነው። ቢጫ ፎቶ ላይ ለረጅም ሰዓት ስታፈጡ አእምሮ ቢጫውን ነጭ አድርጎ ይቀበለዋል። ሌሊት ላይ «ተስተካክሏል» ያላችሁት ጠዋት ብርቱካን ሆኖ ይጠብቃችኋል።

መፍትሄውን ከካሜራው ጀምሩ። ዋይት ባላንሱን በኬልቪን (በብርሃን ቀለም መለኪያው) በእጅ ሙሉ። ቢጫ የቤት አምፖል ከ2700 እስከ 3200 አካባቢ ነው፣ የቀን ፀሐይ 5500 አካባቢ፣ ጥላ ሥር ከ7000 በላይ ይሄዳል። ቁጥሩ ልክ ባይሆን እንኳ የአንድ ክፍል ፎቶዎች ሁሉ እኩል ይሳሳታሉ። እኩል የተሳሳተ ነገር በአንድ ጊዜ ይስተካከላል። ይሄ ሁሉ ግን ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ስታነሱ ነው። ጄፔግ (ካሜራው አቀነባብሮ የጨመቀው ፋይል) ላይ ዋይት ባላንስ ብዙ አያንቀሳቅስም።

ኤዲቲንጉን ደግሞ በሰዓት ቅደም ተከተል ሳይሆን በብርሃን ከፋፍሉት። የመልበሻ ክፍሉ፣ ውጪ ጥላ ሥር፣ ፀሐይ ላይ፣ አዳራሽ በመብራት፣ ጭፈራው በፍላሽ። ከእያንዳንዱ አንድ ፎቶ ምረጡና እነዚያን ብቻ ጨርሱ። አንድ ላይ አድርጋችሁ እዩአቸው። ቤተሰብ ከመሰሉ ቅንብሩን ለሌሎቹ አስተላልፉ፤ ካልመሰሉ ወደ ፊት አትሂዱ። መጨረሻ ላይ ፎቶዎቹን በትንንሹ ደርድራችሁ ከርቀት ተመልከቱ። ያፈነገጠው ራሱን ያጋልጣል።

ሁለተኛ ፎቶ አንሺ ካለ ጠዋት ሁለቱም ካሜራ ላይ ሰዓቱን አንድ አድርጉ፣ ኬልቪኑንም ተስማሙበት። ኮምፒውተር ላይ ስትደርሱ ቀለም ከመነካካታችሁ በፊት ፕሮፋይሎቹን አቀራርቡ።

«ግማሽ ፊት ብርቱካን፣ ግማሽ ፊት ሰማያዊ»

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ስታይሌ አልያዘልኝም» የሚለው ይህንን ነው።

ሙሽሪት መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ጆሮ ጌጧን ታደርጋለች። በግራ በኩል የመስኮት ብርሃን አለ። በቀኝ በኩል የመስታወቱ አምፖሎች በርተዋል። ጣሪያው ላይም መብራት አለ። ዋይት ባላንሱን ለመስኮቱ ብታስተካክሉ ቀኝ ጉንጯ ብርቱካን ይሆናል። ለአምፖሉ ብታስተካክሉ ግራ ጉንጯና ቬሎዋ ሰማያዊ ይነክራቸዋል። አንድ ቁጥር ለሁለት ብርሃን አይሆንም። መሃል ላይ ብታቆሙት ደግሞ ሁለቱም ወገን ይበላሻል። ከዚህ በኋላ የምትጭኑት ፕሪሴት ሁሉ ይህንኑ ጠብ ያባብሰዋል።

መፍትሄው ሦስት ሰከንድ ይፈጃል፦ አስፈቅዳችሁ መብራቱን አጥፉት። ሜካፕ የምትሠራው ባለሙያ ካልጨረሰች ጠብቁ። ማጥፋት ካልተቻለ ሙሽሪትን ወደ መስኮቱ አዙሯትና አስጠጓት፣ የመስኮቱ ብርሃን ሌላውን እንዲውጠው። ወይም በተቃራኒው መጋረጃውን ዝጉና ሙሉ በሙሉ ለአምፖሉ እጅ ስጡ። አዳራሽ ውስጥ በፍላሽ የምትሠሩ ከሆነ ብርቱካናማ ጄል (ብርሃን የሚያሳልፍ ባለቀለም ፕላስቲክ) ፍላሹ ላይ ግጠሙ፤ ያኔ ፍላሹና አምፖሉ አንድ ቋንቋ ያወራሉ።

ፎቶው አንዴ ከተነሳ በማስክ (የፎቶውን አንድ ክፍል ብቻ በሚመርጠው መሣሪያ) ነው የሚታከመው። ሰማያዊ የሆነውን ወገን ብቻ ምረጡና ቴምፐሬቸሩን ወደ ሙቀት ግፉት፣ ሳቹሬሽኑንም (የቀለሙን ድምቀት) ቀንሱለት። ሣር ላይ ሲነሱ ከአገጭ ሥር የሚወጣው አረንጓዴም በዚሁ መንገድ ይቀንሳል። መጀመሪያውኑ ከሣሩ ወጥቶ ድንጋይ ንጣፍ ላይ መቆም ግን ይሻላል።

ጥቁርና ነጭ ማድረግስ? ይቻላል፣ አንዳንዴም የሚያምረው እሱ ነው። ነገር ግን ቀለሙ የከዳችሁን ፎቶ ሁሉ እዚያ ከጣላችሁት ተመልካቹ ይነቃል።

በኤዲቲንግ በቀላሉ የማይወጣ አንድ ነገር አለ፦ የኤልኢዲ መብራት ፎቶው ላይ የሚያስቀምጣቸው ጥቁርና ደማቅ መስመሮች። ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ በሆነበት ሻተሩን (ካሜራው ለብርሃን የሚከፈትበትን የሰከንድ ክፍልፋይ) 1/100 ወይም 1/50፣ 60 ኸርዝ በሆነበት ደግሞ 1/125 ወይም 1/60 አድርጋችሁ ሞክሩ። ካሜራው የፍሊከር (የመብራት መርገብገብ) መከላከያ ካለው አብሩት።

«ቬሎው ነጭ ወረቀት ሆነ»

የካሜራ መለኪያ ሁሉንም ነገር መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ያስባል። ቬሎ ክፈፉን ሲሞላ ያጨልማል፤ ጥቁር ሱፍ ሲሞላ ያበራል፣ ያኔ አጠገቡ ያለው ቬሎ ይቃጠላል፦ ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። የቬሎው ዳንቴል አንዴ ከተቃጠለ የትኛውም ስላይደር አይመልሰውም። ባለ 14 ቢት ሮው በእያንዳንዱ ቀለም (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ) 16,384 የብርሃን ደረጃ ይይዛል፣ ጄፔግ 256 ብቻ። ስለዚህ ከጥላ ውስጥ ማውጣት ይቻላል፣ ከጠፋ ነጭ ውስጥ ግን የሚወጣ የለም። የተቃጠለ ቦታ የሚያብለጨልጨውን ማስጠንቀቂያ ክፈቱና ለቬሎው ጠብቃችሁ አንሱ። ፊቱ ከጨለመ ጥላውን በስላይደር ከማንሳት ይልቅ ሰውየውን ወደ ብርሃኑ አዙሩት። ብሩህ ስታይል የሚወዱ ሰዎች እዚህ ላይ ነው ብዙ የሚደክሙት፤ ብሩህነቱን ከብርሃን አቅጣጫ ሳይሆን ከኤክስፖዠር ስላይደር ይጠብቃሉ።

«ስክሪኔ ላይ ሌላ፣ አልበም ላይ ሌላ»

አልበሙ ከጨለመ የስክሪናችሁ ብርሃን በዝቷል። ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ድረስ አውርዱት፣ በካሊብሬተር (የስክሪን ቀለም በሚለካው መሣሪያ) 6500 ኬልቪንና ጋማ 2.2 ላይ አስተካክሉት፣ ማታ ማታ ስክሪን ቢጫ የሚያደርገውን ሞድ አጥፉ። ስልክ ላይ ቀለሙ ከፈዘዘ ፎቶው በአዶቢ አርጂቢ (ሰፋ ባለው የቀለም ክልል) ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ለስልክና ለኢንተርኔት ኤስአርጂቢ (የተለመደው የቀለም ክልል) ይሁን። አልበም ከማሳተማችሁ በፊት ጥቂት የሙከራ ህትመት አውጡ።

«ስታይሌ በየሦስት ወሩ ይቀየራል»

አንድ ሰሞን ሁሉም ነገር ብርቱካንና አረንጓዴ-ሰማያዊ ነበር። ከዚያ ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ፈዘዘ። አሁን ደግሞ ሁሉም ፊልም ለመምሰል ግሬይን (ጥቃቅን ነጠብጣብ) ይጨምራል። ለብቻቸው ሲታዩ አንዳቸውም ክፉ አይደሉም። ነገር ግን ሥራዎቻችሁን በተርታ ያየ ሰው የፋሽኑን ታሪክ እንጂ እናንተን አያገኝም።

ምክንያቱ ጠባብ ምንጭ ነው። የሰርግ ፎቶ አንሺ የሚያየው የሰርግ ፎቶ አንሺዎችን ብቻ ከሆነ እርስ በርስ መገለባበጥ ይመጣል። ሌላም አለ፦ ስታይልን ከቀለም ብቻ መፈለግ። ቀለም ለመቅዳት ከሁሉም የቀለለው ነገር ነው።

መፍትሄው የራሳችሁን ሥራ መመርመር ነው። ደንበኛ ወደደው አልወደደው ሳትሉ፣ ላይክ ሳትቆጥሩ፣ ራሳችሁ የምትወዷቸውን 30 ፎቶዎች ምረጡ። ሁሉንም ወደ ዜሮ መልሳችሁ ያለ ኤዲት እዩአቸው። ምን ይደጋገማል? ትጠጋላችሁ ወይስ ትርቃላችሁ? ብርሃኑ ከጎን ነው ከኋላ? ሰዎቹ ካሜራ ያያሉ ወይስ እርስ በርስ ይተያያሉ? ክፈፉ ውስጥ ባዶ ቦታ አለ ወይስ ጢም ብሏል? ከዚያ ላይትሩም ውስጥ በሌንስ ለዩአቸው። ሃያዎቹ በ35 ሚሊሜትር (ሰፋ አድርጎ በሚያነሳው ሌንስ) ተነስተው ቦርሳችሁ ውስጥ ግን 70-200 (ከሩቅ የሚያቀርበው ሌንስ) እንደ ዋና ዕቃ ተቀምጦ ልታገኙት ትችላላችሁ። ይህ ከየትኛውም ፕሪሴት በላይ ይነግራችኋል።

የተደጋገመውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ለምሳሌ፦ «ጠጋ ብዬ በ35 አነሳለሁ፣ የጎን ብርሃን እወዳለሁ፣ ጥላውን አልነካም። ቆዳው እንዳለ፣ አረንጓዴው ትንሽ የረጋ።» ቀለሙን የምትወስኑት ይህን ይዛችሁ ነው። ጥላ የሚወድ ሰው ጥቁሩን የሚያፈዝ ከርቭ ምን ያደርግለታል? ከዚያ ለአንድ የሰርግ ወቅት ሳትነካኩት ሥሩበት። አዲስ ነገር መሞከር ሲያምራችሁ፣ ያምራችኋልም፣ ለራሳችሁ ባነሳችሁት ፎቶ ላይ ሞክሩት። የደንበኛ ሰርግ የሙከራ ቦታ አይደለም።

«ደንበኛው ‹ኢንስታግራም ላይ ያየነው አይመስልም› አለ»

አብዛኛውን ጊዜ ደንበኛው ልክ ነው። ያሳያችሁት ጀምበር ስትጠልቅ የተነሱ ጥንዶችን ብቻ ነው፤ የእሱ ሰርግ ግን ቀትር ላይ ጀምሮ አዳራሽ ውስጥ አለቀ። ኤዲቲንጉ ምንም ቢጎተት የቀትርን ፀሐይ የምሽት አያደርጋትም።

ስለዚህ ገና ስትነጋገሩ አንድ ሙሉ ሰርግ ከመልበሻው እስከ ጭፈራው አሳዩት፣ የመብራቱንም ክፍል ጨምሮ። ስታይላችሁ የምሽት ፀሐይ የሚፈልግ ከሆነ ፕሮግራሙ ሲወጣ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ያለውን አንድ ሰዓት ለጥንዶቹ ፎቶ አስይዙ። ሰዓቱ ካልተገኘ ግማሹንም ተቀበሉ፤ ያም ካልሆነ በአዳራሹ ብርሃን ምን እንደሚያገኙ ከሌላ ሰርግ ፎቶ አውጥታችሁ ቀድማችሁ አሳዩአቸው።